የኔትዎርክ ጥቃትን መመደብ፦ ከፓኬቱ ተነስቶ እስከ ስሙ

አንድ ሰርቨር መልስ መስጠት ሲያቅተው ገና ምንም ሳይታይ «ዲዶስ ነው» (ከብዙ ማሽኖች የሚመጣ የአገልግሎት ማስተጓጎል) ይባላል። ስም አንዴ ከወጣ በኋላ ምርመራው ያንን ስም ወደ ማጽደቅ ያዘነብላል። የሲን ጎርፍም (ሲን የተባለውን የግንኙነት መክፈቻ ፓኬት ማብዛት) ስሎውሎሪስም (ግንኙነት ከፍቶ ጥያቄውን ሳይጨርሱ ማንጠልጠል) «የአገልግሎት ማስተጓጎል» ተብለው ይጠራሉ፤ ለመጀመሪያው የሚያገለግለው ሲን ኩኪ (ግንኙነቱ እስኪጠናቀቅ ቦታ አለመያዝ) ግን ለሁለተኛው አንዳች አይፈይድም፤ ስሎውሎሪስ የቲሲፒን ሃንድሼክ (ግንኙነት የሚከፍቱትን ሦስት ፓኬቶች) በሥርዓቱ ጨርሶ ነው የሚገባው። ስለዚህ በዚህ መመሪያ የጥቃቱ ስም የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ከቀላሉ ወደ ከባዱ የሚሄዱ ጥያቄዎች ይመለሳሉ፤ እያንዳንዱ መልስ ቀጥሎ የሚታየውን ያጠባል።

ከመጀመርዎ በፊት

ሦስት ዓይነት ማስረጃ ያስፈልጋል፦ የፓኬት ቅጂ (በቲሲፒደምፕ ተይዞ በዋየርሻርክ የሚታይ)፣ የፍሎው መዝገብ (ማን ከማን ጋር፣ መቼና ምን ያህል እንደተገናኘ የሚያሳይ፤ ከኔትፍሎው ወይም ከዚክ)፣ እና የሰርቨሩና የፋየርዎሉ ሎግ። ፓኬቱ ዝርዝሩን፣ ፍሎው ሰፊውን ሥዕል፣ ሎጉ ደግሞ ሰርቨሩ ምን እንደተረዳ ይናገራል። ለአብዛኛው ምደባ የእያንዳንዱ ፓኬት የመጀመሪያ 96 ባይት ይበቃል፤ ሙሉውን ይዘት መያዝ ዲስኩን ቶሎ ይሞላል።

ሦስቱንም ከማነጻጸርዎ በፊት ሰዓታቸውን ያረጋግጡ። የፋየርዎሉ ሰዓት ከሰርቨሩ በ3 ደቂቃ ከቀደመ፣ በሰርቨሩ ላይ የታየው ውጤት ከመንስኤው የቀደመ ይመስላል። ሁሉም በኤንቲፒ (የሰዓት ማስተካከያ ፕሮቶኮል) አንድ ሰዓት ላይ ካልሆኑ ልዩነቱን በሰከንድ ለክተው ይመዝግቡ።

ቅጂው የት እንደተያዘም ይጻፉ። ከፋየርዎሉ ውጭ የተያዘው የተሞከረውን ሁሉ ያሳያል፤ ከውስጥ የተያዘው ግን ያለፈውን ብቻ ነው። ከአድራሻ ለዋጩ ውጭ ከያዙ ደግሞ የውስጥ ማሽኖች በሙሉ አንድ አድራሻ መስለው ይታያሉ። ብዙ ሰው የሚስተው የስዊቹ ሚረር ፖርት (ትራፊኩን ለመቅጃ የሚገለብጥ ፖርት) ነው፦ የ1 ጊጋቢት መስመር በሁለቱም አቅጣጫ ሲሞላ 2 ጊጋቢት ነው፤ ያንን ወደ አንድ የ1 ጊጋቢት ሚረር ፖርት ሲገለብጡ ግማሹ ይጠፋል። ከዚያ በቅጂው ላይ «መልስ ያላገኙ ጥያቄዎች» ይበዛሉ፤ ጥቃት ሳይሆን የመቅጃው ጉድለት ነው።

በመጨረሻም ሁለት ናሙና ያውጡ፤ አንዱ ችግሩ ከታየበት ሰዓት 10 ደቂቃ፣ ሌላው ካለፈው ሳምንት ተመሳሳይ ቀንና ሰዓት 10 ደቂቃ። ያለ ሁለተኛው «ብዙ ነው» ማለት ትርጉም የለውም።

ደረጃ 1፦ በእርግጥ ጥቃት ነው?

የጎብኚ ግርግር ከጥቃት ጋር ይመሳሰላል፤ ነገር ግን ሰው ገጽ ሲከፍት ብሮውዘሩ ምስሉንና የስታይል ፋይሉን አብሮ ይጠይቃል፤ ከአንድ ገጽ ወደ ሌላ ሲሄድም ያቆማል፣ ያነባል። የጥቃት መሣሪያ ብዙውን ጊዜ አንዱን አድራሻ ብቻ ደጋግሞ ይመታል፤ ምስል አይጠይቅም።

ሌላው ሉፕ ነው። በስዊቾች መካከል ሉፕ ሲፈጠር ያው የብሮድካስት ፍሬም ሺህ ጊዜ ይደጋገማል፤ ቲቲኤሉ (በየራውተሩ አንድ የሚቀንሰው የፓኬቱ ቁጥር) አይለወጥም። ሉፑ በራውተሮች መካከል ከሆነ ግን ያው ፓኬት፣ በያው መለያ ቁጥር፣ ቲቲኤሉ እየቀነሰ ተመልሶ ይመጣል። ይህን ለመለየት አንድ ደቂቃ ይበቃል።

ከዳታቤዙ ጋር ግንኙነት የተቋረጠበት ፕሮግራምም በየሰከንዱ መቶ ጊዜ ሊሞክር ይችላል፤ ምንጩ የራስዎ የታወቀ ማሽን ከሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው የፕሮግራሙ ባለቤት ነው። የሌሊት ባክአፕ ደግሞ መረጃ የሚሸሽ ያስመስላል።

ደረጃ 2፦ አድማጭ ወይስ ነኪ?

መማሪያ መጻሕፍት ጥቃትን መጀመሪያ የሚከፍሉት ዝም ብሎ በሚያዳምጥና ትራፊኩን በሚነካ ነው። ክፍፍሉ ትክክል ነው፤ ለመርማሪ ግን ወጥመድ አለው። ማዳመጥ በኔትዎርኩ ላይ ዱካ አይተውም ማለት ይቻላል፤ «ምንም አላየንም» ማለት «ማንም አላዳመጠም» ማለት አይደለም። ሆኖም በስዊች በተሠራ ኔትዎርክ ላይ የሌላውን ትራፊክ ለመስማት አጥቂው አስቀድሞ አንድ ነገር መንካት አለበት፦ አርፕን (አይፒን ከማክ፣ ማለትም ከኔትዎርክ ካርዱ አድራሻ፣ የሚያዛምደውን) መመረዝ፣ የስዊቹን የማክ ሠንጠረዥ ማጥለቅለቅ፣ ወይም ስዊቹ ውስጥ ገብቶ ሚረር ፖርት መክፈት። እርስዎ የሚመድቡት ያንን ቀዳሚ ድርጊት ነው። ክፍት ዋይፋይ ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ አየሩን ማንም ያዳምጣል።

ደረጃ 3፦ አቅጣጫው

ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከውስጥ ወደ ውስጥ፤ አንዱን ይምረጡ። ቀላል ይመስላል፤ ግን ቅድሚያን የሚወስነው ይህ ነው። ከውጭ የሚመጣ የፖርት ቅኝት የዘወትር ዝናብ ነው። ያው ቅኝት ከሒሳብ ክፍል ኮምፒውተር ተነስቶ ወደ 300 የውስጥ ማሽኖች ፖርት 445 ሲሄድ ግን ምናልባት ትል (ራሱን የሚያዛምት ማልዌር) ገብቷል፤ እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2017 የወጣው ዋናክራይ የተዛመተው በዚሁ ፖርት ነበር።

ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሄደውን በመጠን ሳይሆን በልማድ ይመርምሩ። ቀንና ሌሊት በየ60 ሰከንዱ፣ ጥቂት ከፍ ዝቅ እያለ፣ ተመሳሳይ መጠን ያለው ግንኙነት ወደ አንድ አድራሻ ካለ፣ ማልዌር ትእዛዝ እየጠየቀ ሊሆን ይችላል። የሶፍትዌር ዝማኔ ፈላጊም እንዲሁ ያደርጋልና መድረሻውን ሳያጣሩ አይፍረዱ።

ደረጃ 4፦ በየትኛው እርከን?

የኔትዎርክን ሥራ በእርከን በሚከፍለው የኦኤስአይ ሞዴል ሰባት እርከኖች ውስጥ ለዚህ ሥራ የሚፈለጉት አራቱ ናቸው፦ 2 (ስዊችና ማክ)፣ 3 (አይፒ)፣ 4 (ቲሲፒና ዩዲፒ) እና 7 (አፕሊኬሽን)።

እርከን 2 ላይ የሚሆነው ሁሉ ከራውተሩ አያልፍም፤ ስለዚህ አጥቂው ወይም አጥቂው የሚቆጣጠረው ማሽን እዚያው አጠገብዎ ነው። የአርፕ መመረዝ ምልክት አንድ ማክ አድራሻ ለሁለትና ከዚያ በላይ አይፒ፣ በተለይ ለጌትዌዩ፣ ማንም ሳይጠይቀው መልስ መስጠቱ ነው። ጥንቃቄ፦ ሁለት ራውተሮች አንዱ የሌላው ተጠባባቂ ሆነው አንድ አይፒ ሲጋሩ፣ ርክክቡ በሚደረግበት ቅጽበት ይህንኑ ይመስላሉ፤ የማክ ዝርዝርዎን አስቀድመው ይያዙ። የማክ ጎርፍ ሲሆን በአንድ የስዊች ፖርት ላይ በሺህ የሚቆጠሩ የማይታወቁ ምንጭ ማኮች ይታያሉ፤ በዚያ ፖርት ላይ በተለምዶ አንድ ወይም ሁለት ነው የሚኖሩት። ሐሰተኛ የዲኤችሲፒ (ለማሽኖች አይፒ የሚያድል) ሰርቨርም ለአንድ ጥያቄ ከሁለት ምንጭ ግብዣ ሲመጣ ይጋለጣል። ዲኤችሲፒ በመጽሐፍ የእርከን 7 ፕሮቶኮል ነው፤ እኛ ግን እርከን 2 ሥር እንመድበዋለን፤ መድኃኒቱ ያለው ስዊቹ ላይ ነውና። በዚህ የሚከራከር ሰው ይኖራል፤ መድኃኒቱ ካለበት መመደብ ግን ሥራ ያቀላል።

እርከን 3 ላይ የምንጭ አድራሻን ማስመሰልና የመንገድ ጠለፋ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2008 የፓኪስታን ቴሌኮም ከዩቲዩብ ክልል ውስጥ አንዱን /24 (256 አድራሻ) የራሱ አስመስሎ አወጀ፤ ዩቲዩብ ያወጀው /22 (1,024 አድራሻ) ስለነበረ ራውተሮች ጠበብ ያለውን መርጠው ትራፊኩን ወደዚያ ላኩ። የታሰበው በአገር ውስጥ ብቻ መዝጋት ነበር፤ አዋጁ ሾልኮ ዓለም ውስጥ ገባ። ፓኬት ላይ ሐሳብ አይነበብም፤ ስለዚህ በደረጃ 8 በሚሞሉት ቅጽ ላይ «ድርጊት» እና «ዓላማ» የተለያየ መስክ ይሁኑ፤ ዓላማው ባዶ ቢቀር ነውር የለበትም።

እርከን 4 ላይ ሲን ጎርፍና ቅኝት፣ እርከን 7 ላይ ደግሞ የኤችቲቲፒ ጎርፍ፣ የኤስኪውኤል ኢንጀክሽን (ወደ ዳታቤዙ ትእዛዝ ማስረግ) እና የዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ የሚተረጉም) ብልሹነት አሉ። ሁለቱን ወደፊት በየፈርጃቸው እንመለስባቸዋለን። ትራፊኩ በቲኤልኤስ ከተመሰጠረ የእርከን 7ን ይዘት ከፓኬቱ ማንበብ አይቻልም፤ የሰርቨሩን ሎግ ይክፈቱ።

ደረጃ 5፦ አገልግሎት ከተስተጓጎለ፣ ያለቀው ምንድን ነው?

ሁሉም የማስተጓጎል ጥቃት አንድ ነገር ይጨርሳል፤ ያለቀውን ማወቅ ግማሹ ምደባ ነው። ሦስት ግራፍ ጎን ለጎን ያድርጉ፦ ቢት በሰከንድ፣ ፓኬት በሰከንድ፣ ጥያቄ በሰከንድ።

ቢቱ ጣሪያ ከነካ ያለቀው መስመሩ ነው። ይህ ሲሆን የምንጭ ፖርቱን ይመልከቱ። ከዩዲፒ ፖርት 53፣ 123፣ 1900 ወይም 11211 የሚመጡ፣ ማንም ያልጠየቃቸው ትላልቅ መልሶች ከሆኑ ነጸብራቅና ማጉላት ነው። አጥቂው የእርስዎን አድራሻ አስመስሎ ለዲኤንኤስ፣ ለኤንቲፒ፣ ለኤስኤስዲፒ ወይም ለሜምካሽድ ሰርቨር ትንሽ ጥያቄ ይልካል፤ ትልቁ መልስ ወደ እርስዎ ይመጣል። የ60 ባይት ጥያቄ የ3000 ባይት መልስ ካስገኘ ማጉላቱ 50 እጥፍ ነው። ሜምካሽድ ላይ ከ10,000 እጥፍ በላይ የሚደርስበት ጊዜ አለ፤ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2018 ጊትሃብን በሰከንድ 1.35 ቴራቢት የመታው በዚህ መንገድ ነው። የሚያዩት አድራሻ የአጥቂው አይደለም፤ በአግባቡ ያልተዘጋ የሌላ ሰው ሰርቨር ነው። «ጥቃቱ ከእገሌ አገር ነው» የሚል ሪፖርት በብዛት የሚወለደው ከዚህ ስህተት ነው።

እዚህ ላይ ሌላ መሰናክልም አለ። የ3000 ባይት መልስ በመንገድ ላይ ይቆራረጣል፤ የፖርት ቁጥር የሚገኘው በመጀመሪያው ቁራጭ ብቻ ነው። የቀሩትን ብዙ የፍሎው መሣሪያዎች «ፖርት 0» ብለው ይመዘግባሉ። ጀማሪው «ሁለት ጥቃት ነው፤ አንዱ ፖርት 53፣ አንዱ ፖርት 0» ብሎ ይጽፋል። አንድ ነው። ቁራጮቹን በመለያ ቁጥራቸውና በምንጫቸው ያገናኙ።

ቢቱ መጠነኛ ሆኖ ፓኬቱ ከናረ፣ ያለቀው የግንኙነት ሠንጠረዥ ሊሆን ይችላል። የሲን ብዛት ከተጠናቀቀ ሃንድሼክ ጋር ያነጻጽሩ። በጤናማ ናሙና ቁጥሮቹ ይቀራረባሉ፤ በሲን ጎርፍ ጊዜ ሲኑ በሺህ ሲቆጠር የተጠናቀቀው ጥቂት ነው፤ ሰርቨሩ ላይም በግማሽ የቆሙ ግንኙነቶች ይከመራሉ። ሊኑክስ ሲን-አክን (ለሲን የሚሰጠውን መልስ) በነባሪው 5 ጊዜ ደጋግሞ ስለሚልክ አንዱ ግማሽ ግንኙነት እስከ 63 ሰከንድ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ መጠነኛ ጎርፍም ይበቃል። በተቃራኒው እርስዎ ሲን ሳይልኩ ሲን-አክ ወይም ሪሴት (የግንኙነት ማቋረጫ) ከአንድ ሰርቨር ቢመጣልዎ፣ አጥቂው ያንን ሰርቨር ሲመታ የእርስዎን አድራሻ ተውሶ ነው፤ ዒላማው ያ ሰርቨር ነው። እንዲህ ያለው ከብዙ ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ ወደ አንድ አድራሻዎ ከጎረፈ ግን ዒላማው እርስዎ ነዎት፤ ይህም ነጸብራቅ ነው።

ሁለቱም ግራፍ ጸጥ ብሎ ሰርቨሩ ከሞተ ወደ እርከን 7 ይሂዱ። ስሎውሎሪስ ከሆነ በርካታ የተመሠረቱ ግንኙነቶች ይኖራሉ፤ በየተወሰነ ሰከንዱ ጥቂት ባይት ይመጣል፤ የኤችቲቲፒ ራስጌው ግን አይዘጋም። ጥያቄው ስላላለቀ በድር ሰርቨሩ የመዳረሻ ሎግ ላይ ምንም አይታይም፤ ይህ ዝምታ ራሱ ምልክት ነው። ሌላው ዓይነት ጥቂት ግን ውድ ጥያቄ ነው፤ ለምሳሌ ዳታቤዙን ሙሉ የሚያስፈትሽ የፍለጋ ገጽ በሰከንድ 20 ጊዜ። እዚህ የሚለካው ሲፒዩና የዳታቤዙ የምላሽ ጊዜ ነው።

«ዶስ» እና «ዲዶስ» የሚለውን ልዩነት የሚጽፉት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የምንጭ አድራሻ ብዛት ብቻውን አያረጋግጥም፤ አንድ ማሽን ሚሊዮን አድራሻ ማስመሰል ይችላል። ሃንድሼክ ያጠናቀቁ አድራሻዎች ግን በአብዛኛው እውነተኛ ናቸው፤ ቆጠራዎን በእነሱ ላይ ያድርጉ።

ደረጃ 6፦ ቅኝትና የይለፍ ቃል ሙከራ

አንድ ምንጭ በአንድ ማሽን ብዙ ፖርት ከነካ ቅኝቱ ቁመታዊ ነው፤ አንድን ፖርት በብዙ ማሽን ላይ ከነካ አግድም ነው። የመጀመሪያው አንድን ማሽን ይፈልጋል፤ ሁለተኛው አንድን ድክመት። ሲን ተልኮ ሪሴት ከተመለሰ ፖርቱ ዝግ ነው፤ መልስ ከሌለ በፋየርዎል ተጣርቷል ማለት ነው። ፊን፣ ፑሽና ኧርጀንት የተባሉ የቲሲፒ ራስጌ ባንዲራዎች አብረው የበሩበት ፓኬት በጤናማ ትራፊክ ስለማይመጣ ያለ ማመንታት «ቅኝት» ይባላል።

ቀስ ብሎ የሚቃኝ ያመልጣል። ኤንማፕ የተባለው የቅኝት መሣሪያ በጣም ቀርፋፋው አቀማመጡ በሁለት ሙከራዎች መካከል 5 ደቂቃ ይጠብቃል፤ በ10 ደቂቃ ናሙና ላይ ሁለት ፓኬት ብቻ ነው የሚታየው። ለቅኝት ሲሆን የፍሎው መዝገቡን በ24 ሰዓት መስኮት ይቁጠሩ።

የይለፍ ቃል ጥቃት ሦስት ነው፤ ሎጉን በመለያ ስም ቢደረድሩት ይለያያሉ። አንድ መለያ ላይ ብዙ ቃል ከተሞከረ ጉልበት ነው። በብዙ መለያዎች ላይ ያው ጥቂት ቃል በየተራ ከተሞከረ መርጨት ነው፤ መለያ እንዳይቆለፍ ተብሎ የሚደረግ። እያንዳንዱ መለያ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ተሞክሮ ጥቂቱ ከተሳካ፣ ከሌላ ቦታ የተሰረቀ ዝርዝር እየተሞከረ ነው። ኤስኤስኤች (የርቀት መግቢያ ፕሮቶኮል) የተመሰጠረ ቢሆንም ፍሎው ብዙ ይናገራል፤ አጭርና መጠናቸው የሚመሳሰል ብዙ ግንኙነቶች ካዩ በኋላ አንዱ ረዝሞ ብዙ ባይት ከተሸከመ፣ ምናልባት የገባው እሱ ነው። መጀመሪያ ሎግ ላይ የሚፈልጉት ያንን ሰከንድ ነው።

ደረጃ 7፦ መሃል መግባትና በስውር ማውጣት

የዲኤንኤስ ምላሽ ሲጭበረበር ለአንድ ጥያቄ፣ በያው መለያ ቁጥር፣ የተለያየ አድራሻ የያዙ ሁለት መልሶች ይታያሉ፤ ፈጥኖ የደረሰው ያሸንፋል። ቀድሞ የደረሰውን መልስ ቲቲኤል ከወትሮው ጋር ያነጻጽሩ።

በዲኤንኤስ ውስጥ መረጃ ማሸሽ ሌላ ነገር ነው። በዲኤንኤስ ስም ውስጥ አንዱ ክፍል ከ63 ባይት፣ ሙሉው ስም ከ255 ባይት አይበልጥም፤ ስለዚህ አሸሹ ብዙ ጥያቄ ለመላክ ይገደዳል። ከአንድ ዶሜይን ሥር በሰዓት በሺህ የሚቆጠሩ፣ የማይደጋገሙ፣ ረጃጅምና ትርጉም የለሽ ንዑስ ስሞች ከተጠየቁ ጥርጣሬዎ ልክ ነው። አንዳንድ የጸረ-ቫይረስ አገልግሎቶችም የፋይል አሻራ በዲኤንኤስ ስለሚጠይቁ ተመሳሳይ ቅርጽ አላቸው፤ ዶሜይኑ የማን እንደሆነ ያጣሩ።

ደረጃ 8፦ ቅጹን ሙሉና ስሙን ይጻፉ

አሁን በእጅዎ ያሉት መስኮች፦ ሰዓት፣ የመቅጃ ቦታ፣ አቅጣጫ፣ እርከን፣ ድርጊት፣ አዛማጅነት፣ ውጤት፣ ዓላማ፣ የተጎዳው (ምስጢራዊነት፣ ትክክለኛነት ወይም ተደራሽነት)፣ የምንጩ እውነተኛነት፣ የጥቃቱ ምዕራፍ (ለምሳሌ ቅኝት፣ መግባት ወይም መረጃ ማሸሽ)፣ እና የእርግጠኝነት ደረጃ። ለእርግጠኝነት «ጠንካራ፣ መካከለኛ፣ ደካማ» ይበቃል፤ በመቶኛ መጻፍ ያልተለካ ነገርን የተለካ ያስመስላል።

አንድ ክስተት በአንድ ሳጥን እንዲገባ አያስገድዱት። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 2003 የተነሳው ኤስኪውኤል ስላመር በዩዲፒ ፖርት 1434 በሚላክ አንድ ባለ 376 ባይት መልእክት ማሽን ይሰብር ነበር፤ የተሰበረው ማሽን ወዲያው ሌሎችን ያጠቃል፤ የጉዞው ብዛት ደግሞ መስመሮችን አጨናነቀ። በድርጊት የሜሞሪ ጎርፍ (በፈር ኦቨርፍሎው) ብዝበዛ፣ በአዛማጅነት ትል፣ በውጤት የአገልግሎት መስተጓጎል ነው። ሦስቱም በየመስካቸው ይጻፉ።

ከሌሎች ቡድኖች ጋር ለመግባባት የማይተር አታክን (የጥቃት ስልቶች የጋራ መዝገብ) ቁጥር ይጨምሩ፦ የአገልግሎት ቅኝት ቲ1046፣ የይለፍ ቃል ሙከራ ቲ1110፣ መሃል መግባት ቲ1557። ማስተጓጎል ሁለት ቁጥር አለው፤ መስመር የሚሞላው ቲ1498፣ ማሽኑን የሚያደክመው ቲ1499። ሲን ጎርፍ በሁለተኛው ሥር ነው፤ ደረጃ 5ን ያልሠራ ሰው በመጀመሪያው ሥር ያስቀምጠዋል።

ምደባውን ለማሽን ለርኒንግ የሚሰጡ ከሆነ

ብዙ ጀማሪ ኬዲዲ 99 በተባለው የማሠልጠኛ መረጃ ስብስብ ይነሳል። ያ መዝገብ ጥቃቱን በአራት ይከፍላል፦ ማስተጓጎል፣ ቅኝት፣ ከርቀት ሰብሮ መግባት፣ እና ከተራ ተጠቃሚ ወደ አስተዳዳሪ መዝለል። የተለመደው 10 በመቶ ቅጂ 494,021 ረድፍ አለው፤ ከእነዚህ የመጨረሻው ምድብ 52 ብቻ ነው። ያንን ምድብ ፈጽሞ የማያውቅ ሞዴልም በእሱ ምክንያት የሚያጣው ትክክለኛነት ከመቶ 0.011 ገደማ ነው። ስለዚህ አጠቃላይ ትክክለኛነትን ትተው ለእያንዳንዱ ምድብ ስንቱ እንደተያዘና ስንቱ በስህተት እንደተከሰሰ ለየብቻ ያውጡ። በመዝገቡ ውስጥ ተደጋጋሚ ረድፍ ስለሞላበትም እ.ኤ.አ. በ2009 ኤንኤስኤል-ኬዲዲ የተባለው የተጣራ ቅጂ ወጣ፤ ከሁለቱ እሱን ይምረጡ። ሁለቱም ግን በ1998 በተቀዳ ትራፊክ ላይ የቆሙ ናቸው፤ የዛሬን ኔትዎርክ አይመስሉም።

ከእነሱ አዲስ በሆነው ሲአይሲ-አይዲኤስ 2017 በተባለው ስብስብ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። የተቀዳው ከጁላይ 3 እስከ 7 ነው፤ ሰኞ ንጹሕ ትራፊክ ብቻ፣ ጥቃቶቹም በታወቁ ሰዓታትና ከታወቁ ማሽኖች ናቸው። የአይፒ አድራሻውንና የሰዓቱን ዓምድ ካልሰረዙ ሞዴሉ ጥቃትን ሳይሆን ቀን መቁጠሪያውን ይማራል፤ ውጤቱ 99 በመቶ ይሆንና በራስዎ ኔትዎርክ ላይ ሲቀመጥ ይወድቃል። ማሠልጠኛውንና መፈተኛውን በዕጣ አይክፈሉ፤ ከአንድ ጥቃት የተቆረጡ ተመሳሳይ ፍሎዎች በሁለቱም ወገን ይገባሉ። በክስተት ይክፈሉ፦ አንድ ጥቃት በሙሉ ወይ እዚህ፣ ወይ እዚያ።

የፓኬት ቅጂውን ከቅጹ ጋር አብረው ያስቀምጡ፤ የፋይሉን የሻ-256 አሻራም ቅጹ ላይ ይጻፉ። «ደካማ» ተብሎ የተመዘገበ ምደባ ከወር በኋላ ሌላ ማስረጃ ሲገኝ ይከለሳል፤ ያን ጊዜ የድሮውን ስም ሳይሰርዙ አዲሱን ከነቀኑ ከሥሩ ያክሉ።